ሚስትየውን አትግደላት

ጥያቄ፦ «የ26 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው አዳማ ነው። የመጀመሪያ ስክሪፕቴን ጨርሻለሁ፤ 118 ገጽ ኮሜዲ ድራማ ነው። ሚኪ የ23 ዓመት የሆቴል አስተናጋጅ፣ ቤዛ የ21 ዓመት የካፌ ካሸር ናቸው። ጥር 18 ይጋባሉ፣ ወዲያው ታረግዛለች፣ እሱ ግን አባት መሆን ገና አልተዋጠለትም። ልጅቱ ‹ዘጠኝ ወር ሞልቷት› እንቁጣጣሽ ዕለት ትወለዳለች፤ ፊልሙ በ40 ቀን ክርስትናዋ ያልቃል። ያነበቡልኝ ሁሉ እስከ 60ኛው ገጽ ይስቃሉ፣ ከዚያ ወዲያ ግን ‹ሌላ ፊልም ሆነብን› ይላሉ። አንድ ወዳጄ ሚስትየው በወሊድ ትሙትና ሰው ያልቅስ ብሎኛል። የወሊዱን ክፍል እንዴት እውነተኛ ላድርገው? ሕፃኗንስ በትንሽ ገንዘብ እንዴት ልቅረጻት? ስክሪፕቱን አያይዣለሁ።»

መልስ፦ ወንድማችን፣ ስክሪፕትህን ከዳር እስከ ዳር አነበብነው። ከወዳጅህ ምክር እንጀምር፦ ሚስትየውን አትግደላት። ተመልካች አንድ ሰዓት ሙሉ ከቤዛ ጋር ሲስቅ ቆይቶ፣ ሚኪ ሰው እንዲሆን ሲባል ብቻ እሷን ብትቀማው፣ ያለቅስ ይሆናል እንጂ የተታለለ ሆኖ ነው ከአዳራሹ የሚወጣው። ደግሞም ሞቷ የጽሑፍህን ችግር አይፈታም፤ ይሸፍነዋል።

ችግሩ ይህ ነው፦ እስከ 60ኛው ገጽ የሚያስቀው ነገር ከዚያ በኋላ ከሚያስፈራው ነገር ጋር ምንም ዝምድና የለውም። የአከራይዋ ምላስ፣ የሚኪ ጉራ፣ ጣት ላይ አልቆም ያለችው ቀለበት፣ ሁሉም 60ኛው ገጽ ላይ ተሰናብተው ይሄዳሉ። ሕመሙ ደግሞ ከሰማይ ዱብ ይላል። እንዲህ ያለ ፊልም አንድ ሆኖ የሚቆመው ያው ዕቃ፣ ያው ጠባይ፣ ያው ቃል መጀመሪያ አስቆ ኋላ ሲያስፈራ ነው።

ሁለት እስክሪብቶ ያዝ። ሳቅ ያለበትን ትዕይንት ዳር በሰማያዊ፣ ስጋት ያለበትን በቀይ አስምር። አሥር ገጽ በተከታታይ አንድ ቀለም ብቻ ካየህ፣ ስብራቱ እዚያ ጋ ነው። ያንተው እስከ 58 ድረስ ጥርት ያለ ሰማያዊ፣ ከ63 እስከ መጨረሻው ጥርት ያለ ቀይ ነው። ብዙ ጀማሪዎች ይህን ሲያዩ ሆስፒታሉ ውስጥ ቀልድ መሰንቀር ይጀምራሉ፤ አትሞክረው። ጥገናው የሚጀምረው ከፊት ነው፦ በመጀመሪያዎቹ 60 ገጾች ውስጥ አምስት ወይም ስድስት ቀይ ነጠብጣብ ጣል፤ እያንዳንዱ ከግማሽ ገጽ አይብለጥ፣ ተመልካችም በሳቁ መሃል ልብ ሳይለው ይለፍ።

ለዚህ የሚሆን ዕቃ አንተው 14ኛው ገጽ ላይ አስቀምጠህ ረስተኸዋል። ሚኪ ቀለበቱን ሳይለካ ስለገዛው ሰፍቷት ሠርጉ ላይ ወጥ ውስጥ ይወድቃል። ጥሩ ነው፣ ያስቃል። አሁን አራት ጊዜ መልሰህ አምጣው። መጀመሪያ፣ ከሠርጉ ማግስት ቤዛ እንዳይወልቅ ውስጡን በክር ትጠመጥመዋለች። ሁለተኛ፣ ሐምሌ ላይ ክሩን ትፈታዋለች፤ ቀለበቱ ልክ ሆኗል። ሚኪ «አላልኩሽም? አርቄ አስቤ እኮ ነው የገዛሁት!» ብሎ ይፎክራል። የፊልምህ ትልቁ ሳቅ ይህ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ ጳጉሜ ላይ ቀለበቱ አልወልቅ ይላል። አከራይዋ ሳሙና ትላለች፣ ጎረቤት ዘይት ይላል፣ ግቢው በሙሉ ጣቷ ላይ ተሰብስቦ ሲጨቃጨቅ ቤዛ በመሃል «ራሴን እየፈለጠኝ ነው» ትላለች፤ ማንም አይሰማትም፣ ተመልካችም አብሮ አይሰማትም። አራተኛው ሆስፒታል ውስጥ ነው። ኦፕራሲዮን ክፍል በጌጥ አይገባም፣ ጣቷም አብጧል። ነርሷ የክር ጫፍ በቀለበቱ ሥር አሳልፋ፣ የቀረውን ከቀለበቱ ጀምራ እስከ መገጣጠሚያው ማዶ አጥብቃና አቀራርባ ትጠመጥማለች፤ ከዚያ በመዳፍ በኩል የቀረውን ጫፍ ይዛ ወደ ጥፍሩ እየጎተተች ስትፈታ ቀለበቱ አብሮ ይወጣል። ይህ የታወቀ ዘዴ ነው፤ ተዋናይቷ ላይ ከመቅረጽህ በፊት ተለማመዱት። ቀለበቱን እንዳይወልቅ የያዘው ክር አሁን የሚያወልቀው እሱ ሆነ። ይህን ግን ማንም ገጸ ባሕርይ በአፉ እንዳይናገረው፤ ካሜራው ይበቃል።

ቀለበቱ እንዲሠራ ሕመሙ የተወሰነ ሕመም መሆን አለበት። አሁን 74ኛው ገጽ ላይ ሐኪሙ «ሁኔታዋ አስጊ ነው» ብቻ ይላል፤ ከምን የተነሳ እንደሆነ ጸሐፊውም ያወቀ አይመስልም። የምንመክርህ ፕሪኢክላምፕሲያን ነው፤ የእርግዝና ደም ግፊት የሚባለው አደገኛው ዓይነት። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የደም ግፊት 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆንና አብሮት ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ሲገኝ ይታወቃል፤ 160/110 ከደረሰ ከባድ ነው። ምልክቶቹ ለካሜራ የተመቹ ናቸው፦ የማይለቅ ራስ ምታት፣ ዓይን ላይ ብዥታ ወይም ብልጭታ፣ በቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ሕመም፣ የፊትና የእጅ ማበጥ። ችላ ሲባል ማንቀጥቀጥ ያመጣል። እዚህ ላይ አደራ አለብህ፦ የእግር ማበጥ ብቻውን በእርግዝና የተለመደ ነው። ቤዛ የሚኪን ነጠላ ጫማ ስታደርግ የሚያስቀውን ትዕይንት እንደ ሕመም ምልክት አድርገህ ብታሳይ እርጉዝ ተመልካችን ሁሉ በከንቱ ታስደነግጣለህ። እግሩ ይሳቅበት፤ ምልክት የሚሆኑት እጁ፣ ፊቱና ራስ ምታቱ ናቸው።

71ኛውን ገጽ ሰርዘው። አማቷ ስትሰድባት ሕመሙ የሚነሳበትን ማለታችን ነው። ይህ ሕመም የሚያያዘው የእንግዴ ልጁ የደም ሥሮች ገና ከጠዋቱ በደንብ ካለመዳበራቸው ጋር ነው፤ ጭቅጭቅም፣ ድንጋጤም፣ የሰው ዓይንም አያመጣውም። የመጀመሪያ እርግዝና መሆኑ በራሱ ተጋላጭነቱን ይጨምራል፤ ለታሪክህ ይህ በቂ ነው። የሚኪ ጥፋት እንግዲህ ሕመሙን ማምጣቱ አይደለም፤ አለመስማቱ ነው። ጤና ጣቢያ የአደጋ ምልክቶች የተጻፉበት ወረቀት ሲሰጣት እሱ ኪሱ ከትቶ፣ ሆቴል ውስጥ ጀርባው ላይ «2 ሽሮ፣ 1 ጥብስ፣ 3 አምቦ ውሃ» ብሎ ትእዛዝ ይጻፍበት። ወረቀቱን ገልብጦ የሚያነብበት ሰዓት ሲመጣ ምንም ንግግር አያስፈልግህም።

ወደ ቀኖቹ እንምጣ፤ ትልቁ ስህተትህ ያለው እዚህ ነው። እርግዝና የሚቆጠረው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ 280 ቀን ወይም 40 ሳምንት ተብሎ ነው። በእኛ አቆጣጠር ስሌቱ ቀላል ነው፦ በዚያ ቀን ላይ 9 ወር ከ10 ቀን ጨምር፤ በመሃል ጳጉሜን ካለፍክ ግን ከ10 ቀን ይልቅ 5 ቀን ብቻ (ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት 4 ቀን)። ቤዛ ጥር 18 አግብታ ወዲያው ካረገዘች የመጨረሻ የወር አበባዋን ጥር 10 አድርገው፤ መውለጃዋ ጥቅምት 15 ይሆናል። አንተ መስከረም 1 አስወለድካት፤ ያ ገና 33 ሳምንት ከ5 ቀን ነው። በዚያ ዕድሜ የሚወለድ ሕፃን ብዙውን ጊዜ 2 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ሙቀት መስጫ ክፍልም ሊያስፈልገው ይችላል፤ አንተ የጻፍካት ጉንጫም ልጅ ልትሆን አትችልም። ወይም ደግሞ ከሠርጉ በፊት ነው ያረገዘችው፤ ያን ጊዜ አከራይዋ ጣቷን እየቆጠረች ስትስቅ መታየት አለባት!

ወሊዱን ወደ መስከረም 17 አምጣው። ልክ 36 ሳምንት ነው። በከባድ ፕሪኢክላምፕሲያ ከ34 ሳምንት በኋላ መድኃኒቱ ማዋለድ ስለሆነ ሐኪሞቹ «እንጠብቅ» አይሉም። የ36 ሳምንት ሕፃን 2 ኪሎ ተኩል ገደማ ሆና ጤነኛ ብትሆን ማንም አይጠራጠርም። ከሁሉ በላይ ግን ዋዜማውን አግኝተሃል፦ መስከረም 16 ማታ ደመራ ነው። መንገዱ ተዘግቷል፣ ሕዝቡ ጧፍና ችቦ ይዞ ይዘፍናል፣ ባጃጁ መሃል ላይ ቆሟል፣ ቤዛ ብርሃኑ ዓይኗን ይወጋታል፣ ሹፌሩ ደግሞ ስለ ደመራው አወዳደቅ ይተነትናል። የከተማውን ዋና ደመራ ለመቅረጽ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ሕዝቡንም አትቆጣጠረውም። የሰፈር ደመራ ቅረጽ፤ 30 ሰው፣ አንድ ችቦ፣ ጠባብ መንገድና ሁለት ባጃጅ ይበቁሃል። ጠበብ አድርገህ ከቀረጽከው ትልቅ ይመስላል።

ባጃጁ በቅድሚያ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ እውነቱም ይኸው ነው። አዋላጅ ነርሷ ግፊቷን ትለካለች፤ መሣሪያው ላይ 170/115 ይነበብ። ማግኒዚየም ሰልፌት የሚባለውን ማንቀጥቀጥ መከላከያ የመጀመሪያ ዶዝ ሰጥታ በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ትላታለች። መድኃኒቱ ሲገባ ታማሚዋ መላ ሰውነቷን ትኩሳት ትኩሳት ይላታል፤ ተዋናይቷ ይህን ትጫወተው፣ ከጩኸት ይበልጣል። ሆስፒታል ውስጥ ነርሷ በየጊዜው ጉልበቷን በትንሽ መዶሻ መታ ታደርጋለች፣ ትንፋሿን ትቆጥራለች፣ የሽንት ከረጢቱን ታያለች። ምክንያቱም መድኃኒቱ ሲበዛ መጀመሪያ የጉልበቱ ምላሽ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ትንፋሽ ይደክማል። ሚኪ በመስኮት በኩል መዶሻውን ሲያይ ምን እንደሚያስብ መገመት ላንተ አይከብድህም። ሳቁና ፍርሃቱ አንድ ምት ውስጥ ናቸው።

መድኃኒቱ ከወሊድ በኋላም 24 ሰዓት ይቀጥላል። ስለዚህ ቤዛ በዚያው ምሽት ፈገግ ብላ በባጃጅ ወደ ቤት የምትሄድበት 109ኛው ገጽ አይሆንም። ቢያንስ ጥቂት ቀን ትቆያለች፤ ግፊቱ ከወለደች በኋላም ሊያስቸግር ስለሚችል ክትትሉ አይቆምም።

ሐኪሙ ወጥቶ «እናቲቱን ወይስ ልጁን? ምረጥ!» የሚልበትን ገጽ እንዳየን ስክሪፕቱን ዘግተን ቡና ጠጣን። ይህ የፊልም ሐኪም እንጂ የሆስፒታል ሐኪም አይደለም። እዚህ ሕመም ላይ ማዋለዱ ለእናትየውም ለልጅም ሕክምና ነው፤ ምርጫ የለም። ደግሞ ቤዛ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች፣ አእምሮዋም ንቁ የሆነ ሴት ናት፤ የኦፕራሲዮኑን ፈቃድ ራሷ ትፈርማለች። ባበጠ እጇ ብዕሩን ስትይዝ ማየት ሚኪ ተንበርክኮ ከሚያለቅሰው አራት ገጽ የበለጠ ኃይል አለው።

እውነተኛው ጭንቀት ያለው በሰዓቱ ውስጥ ነው። ኦፕራሲዮኑ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከወገብ በታች በሚያደነዝዝ መርፌ ነው፤ እናትየው ነቅታ መጋረጃው ማዶ ትሰማለች። ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ገደማ ይወጣል፤ ስፌቱ ግን ከግማሽ ሰዓት በላይ ይወስዳል። በዚህ መሃል ነርስ ወጥታ በጨርቅ የተጠቀለለች ሕፃን ለሚኪ ብታስረክበውስ? ልጁን ታቅፏል፣ ስለ ሚስቱ ግን የሚያውቀው የለም። እልል እንዳይል ይፈራል፣ እንዳያለቅስ ልጅ ይዟል። አከራይዋ ደርሳ «እስካሁን እልል አላልክም እንዴ?» ትለዋለች። ይህን ትዕይንት ሦስት ሙሉ ደቂቃ ስጠው፤ ሙዚቃ አትክተትበት። ማሲንቆ የሚጀምርባቸውን ሰባት ቦታዎች ቆጥረናል፤ ስድስቱን አውጣ።

አባትየው ማዋለጃ ክፍል ይገባል ወይ ብለህ ጠይቀህ ከሆነ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ምጥ ላይ ያለች ሴት የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን ይመክራል። በተግባር ግን ብዙ ሴቶች በአንድ ክፍል በሚያምጡበት የመንግሥት ተቋም ለሌሎቹ ገመና ሲባል ወንድ ውጭ ይቀራል፤ እናት ወይም እህት ትገባለች። በግል ሆስፒታል መግባት ይቻል ይሆናል። ላንተ ፊልም ኮሪደሩ ይሻላል፦ ፔርሙስ፣ የተጠቀለለ ብርድ ልብስ፣ በየሃያ ደቂቃው «የቤዛ አስታማሚ!» የሚል ድምፅ፣ መድኃኒት ግዛ የሚል ወረቀት። ሚኪ አስተናጋጅ ነው፤ የማያውቃቸውን አስታማሚዎች ሁሉ ሻይ ሲያድል ይታይ። እጁ ሥራ ሲያጣ የሚያደርገው ሌላ ነገር ምን አለ?

ምጥን ራሱን ማሳየት ከፈለግክ አጠገቧ ያለችው ሌላ ሴት ታምጥ። አሁን ካፌ ውስጥ የእንሽርት ውሃ ፈስሶ በአምስት ደቂቃ ልጅ የሚወለድበትን ግን አውጣው። ዘጠኝ ወሯን ከጨረሱ ሴቶች ውስጥ ውሃው ምጥ ሳይጀምር የሚፈስሳቸው ከ10 አንድ ገደማ ብቻ ናቸው፤ የመጀመሪያ ልጅ ላይ ደግሞ ዋናው ምጥ እስከ 12 ሰዓት፣ መግፋቱ ብቻውን እስከ 3 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ተዋናይቷ ያለማቋረጥ እንዳትጮህ ንገራት። ምጥ ማዕበል አለው፦ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይነሳል፣ ይጠነክራል፣ ይበርዳል፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ደቂቃ እረፍት። ረዳት ዳይሬክተሩ ስልኩ ላይ ሰዓት ይዞ «መጣ» እና «ሄደ» ይበላት። በእረፍቱ ደቂቃ ሴትየዋ እንደ ጤነኛ ታወራለች፣ ትሳደባለች፣ የረሳችውን ብድር ታስታውሳለች። ኮሜዲው የሚኖረው እዚያ ነው፤ ማዕበሉ ላይ ማንም አይቀልድ።

ቤዛን በተመለከተ፣ 118 ገጽ ውስጥ ሚኪ የሌለበት የእሷ ትዕይንት ሁለት ብቻ ነው፣ ሁለቱም ስለ ሚኪ ነው የምታወራው። ቢያንስ አምስት አድርገው፤ አንዱ ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ ይሁን። የቅድመ ወሊድ ክትትል ስምንት ጊዜ እንዲሆን ይመከራል፤ ሚኪ አንዱንም አልሄደም፣ እሷ ደግሞ ሁለቱን ትዝለል፣ በፈረቃዋ ምክንያት። ሕጉም ቀልድ አለው፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ለእሷ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ሲሰጣት ለአባት የሚሰጠው 3 ተከታታይ ቀን ነው። ሚኪ እነዚያን ሦስት ቀናት ከአለቃው ጋር ሲደራደር ጥሩ ሁለት ገጽ ይወጣዋል፤ በተለይ «ትውለድና ና» ሲባል።

ሠርጉ 25 ገጽ ፈጅቷል። አጃቢ፣ ልብስ፣ ድንኳን፣ መኪና፣ ሁሉም ገንዘብ ነው፤ ታሪኩ ግን ገና አልተጀመረም። ሽማግሌውንና አዳራሹን ትተህ በመልሱ ጀምር፤ 8 ገጽ ይበቃል፣ ቀለበቱም ወጡ ውስጥ እዚያው ይወድቃል። በነገራችን ላይ «አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ» የሚለው ልክ የመጣው ከእንግሊዝኛ ስክሪፕት ቅርጽና ፊደል ነው፤ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ልኩ ላይሠራ ይችላል። ገጹን ተውና ጓደኞችህን ሰብስበህ ጮክ ብላችሁ እያነበባችሁ ሰዓት ያዙ፤ ድርጊቱንም በዓይነ ሕሊናችሁ እየተራመዳችሁ። ከ105 ደቂቃ ካለፈ ቁረጥ።

ሰው ሠራሹን ሆድ ሦስት አሰፋ፤ አንድ ሆድ እየነፋህና እያስተነፈስክ አትቅረጽ። ልኩን ከማሕፀኑ ከፍታ ውሰድ፦ 20ኛው ሳምንት (ለቤዛ ግንቦት 30) እንብርት ላይ ይደርሳል፤ 28ኛው (ሐምሌ 26) ከእንብርቱ በላይ ይወጣል፤ 36ኛው ደረት አጥንት ሥር ይጠጋል። ለትልቁ ሆድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ እህል በከረጢት ሰፍታችሁ አስገቡበት፤ ስፖንጅ ብቻ ከሆነ ተዋናይቷ ወንበር ላይ ዘላ ትነሳለች፣ ውሸቱም ወዲያው ይታወቃል። ክብደቱን ትከሻ ላይ በሚያርፍ ማንገቻ ያዙት፣ በየሰዓቱም ይውለቅላት። በእያንዳንዱ ትዕይንት ራስጌ ላይ ሳምንቱን ጻፍ፤ ቀረጻው በቅደም ተከተል ስለማይሄድ ሜካፕና ኮስቲዩም የሚመሩት በዚያ ቁጥር ነው።

ሕፃኗ። ከኦፕራሲዮን ክፍል የምትወጣዋ የምትታየው ተጠቅልላ ስለሆነ ከሦስቱ ሾት ሁለቱን በአሻንጉሊት መቅረጽ ትችላለህ፤ ሚኪ ራሷን ደግፎ እንዲይዝ ካስተማርከው ማንም አይለይም። ለፊቷ ሾት ብቻ እውነተኛ ሕፃን አምጣ። የካሊፎርኒያ ሕግ እዚህ ባያስርህም ጥሩ ልክ ነው፦ ከ15 ቀን እስከ 6 ወር ያለ ሕፃን ቀረጻ ቦታ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይም፣ ከዚያ ውስጥ ለሥራ የሚፈቀደው 20 ደቂቃ ብቻ ነው፣ ለኃይለኛ መብራትም በአንድ ጊዜ ከ30 ሰከንድ በላይ አይጋለጥም። ከ15 ቀን በታች አትሞክር። የሦስት አራት ሳምንት ትንሽዬ ሕፃን ፈልግ፤ እናቷ ከካሜራው ጎን ትሁን፣ ክፍሉ ይሙቅ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ይውጣ፣ እጅ ሁሉ ይታጠብ። መብራቱን በሌላ ሰው አስተካክለህ ጨርሰህ ነው ሕፃኗ የምትገባው። ካጠባች በኋላ ትተኛለች፤ ያንን 20 ደቂቃ ተጠቀምበት። ደምም ሆነ ቅባት ቆዳዋ ላይ አታድርግ፤ እሱ ለአሻንጉሊቱ ነው። ለቅሶውን ለብቻ ስታለቅስ ቅረጽና በኤዲቲንግ ጨምረው፤ እንድታለቅስ መቆንጠጥ የሚባል ነገር ከቀረጻ ቦታህ ይራቅ።

አከራይዋ ቅቤ ልታልሳት የምትመጣበት ትዕይንት ይቆይ፣ ያስቃል። ግን ነርሷ ትከልክላት፤ ከእናት ጡት በቀር ለስድስት ወር ምንም አይሰጥም፣ ፊልሙም ቅቤውን የሚያሞግስ መምሰል የለበትም። ቅቤው ገንፎው ውስጥ ይግባ። ገንፎውም ወዲያው አይቅረብ፤ ገና ከኦፕራሲዮን የወጣች ሴት በፈሳሽ ትጀምራለች፣ አጥሚቱ ይቅደም። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚሉት ሴቶች ክፍሉን ሲሞሉት ሚኪ ገንፎውን ለብቻው ኮሪደር ላይ ይጨርሰው።

የቀረው ክርስትናው ነው። የወለድካት ሴት ልጅ ናት፤ በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ሴት የምትጠመቀው በ80 ቀኗ ነው፣ 40 የወንድ ነው። ክርስትና እናቷም ሴት መሆን አለባት፤ አንተ የሚኪን ጓደኛ አቁመሃል። መስከረም 17 ከተወለደች 80 ቀኗ ታኅሣሥ መጀመሪያ ሳምንት ላይ ይውላል፤ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ ድግሱ የጾም ነው። ዶሮ ወጡን አውጣና የምስርና የሽምብራ አሳ ወጥ አስገባ። ሚኪ «ለልጄ ዶሮ አርዳለሁ» ብሎ ከሐምሌ ጀምሮ ሲፎክር አስቀምጠውና፣ አከራይዋ ቀን ቆጥራ ትድረስበት። እዚያም ሕፃኗን ቀይራት፤ የ80 ቀን ልጅ ራሷን መያዝ ጀምራለች፣ ሰው ታያለች፣ ፈገግም ትላለች። የሦስት ሳምንቷን ሕፃን መልሰህ ብታቀርባት እናቶች ከወንበራቸው ተነስተው ይወጡብሃል።

ሁለተኛውን ረቂቅ ከመላክህ በፊት አንድ አዋላጅ ነርስና አንድ በቅርብ የወለደች ሴት ከ60ኛው ገጽ ወዲያ ያለውን ያንብቡልህ። ነርሷ የምታርመውን ሁሉ ተቀበል፤ የወለደችው ሴት ሳትስቅ ያለፈችውን ቀልድ ደግሞ ሰርዝ።